የኤልያስ ቀን ድርቆሽ

«የያሰኖቫ ሰው ሁሉ፣ ኮረብታ ላይ ያለኸውም ወንዝ ዳር ያለኸውም፣ ልጅህን ለልዑሉ ጦር የሰጠኸውም የደበቅኸውም፣ ስማ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በነቢዩ በቅዱስ ኤልያስ ዋዜማ ከጭቃ ሹሙ ግቢ የአረቄ ማውጫው ጋን ክዳን ጠፍቷል። ክዳኑ መዳብ ነው። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት፤ የማን ጥርስ እንደ ሆነ አይመረመርም። የወረዳው ገዥ ክቡር ካፒቴን ኦብራድ ለበዓሉ መጥተዋልና የወሰደው ሰው ሳያፍር ይመልስ። ያልመለሰውን ግን ኤልያስ በሰረገላው ይድረስበት፣ በመብረቁም ያግኘው።»

ከበሮው ሦስት ጊዜ ተመታ።

ራዶይትሳ ከተራራው ቁልቁል እየሮጠ ስለ ነበር ከዚህ ሁሉ አዋጅ ጆሮው የገባው መጨረሻው ብቻ ነው። ኤልያስ፣ ሰረገላ፣ መብረቅ። ኮረኮንቹ ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ቁመቱን የሚያህለው የሣር ማጭድ ከትከሻው ተንሸራቶ ድንጋዩ ላይ አቃጨለ። የመሳያ ድንጋዩን የሚይዝበት፣ ወገቡ ላይ የታሰረው የበሬ ቀንድም ውኃውን ሱሪው ላይ ደፋ።

«አለቀልኝ» አለ ለራሱ። «ቅዳሴ እንኳ ሳይወጣ በከበሮ ታወጀብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በያሰኖቫ በኤልያስ ቀን ማጭድ አይነሣም። ቱርኩ ባለ ርስት ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ በእሱ ዘመንም ቢሆን በዚህ ቀን ሣር የቆረጠ ክርስቲያን አልነበረም። ነቢዩ መብረቁን ሲልክ የጥፋተኛውን ክምር ከጎረቤቱ ክምር ለይቶ የመምታት ልማድ ስለሌለው፣ መንደሩ መብረቁን አይጠብቅም። ራሱ ቀድሞ ችቦ ይዞ ይወጣና ድርቆሹን ያቃጥለዋል። ካቻምና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሁለት ክምር እንዲህ ተቃጥሎበት፣ በረዶው ሲወርድ ላሞቹ የበረቱን ክዳን እየመዘዙ በሉ።

የሚፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለመበለት፣ ለሙት ልጅ፣ ለአልጋ ቁራኛ የሚታጨድ ሣር። እሱ ደቦ ነው፤ የኤልያስ ቀን ደቦ ደግሞ ከጸሎት ይቆጠራል። እንግዲህ ሣሩም ያው፣ ማጭዱም ያው፣ ቀኑም ያው ሆኖ፣ ድርቆሹ የሚባረከውም የሚቃጠለውም አጫጁ በልቡ በያዘው ሰው ስም ነው።

ራዶይትሳ በልቡ የያዘው የራሱን ስም ነበር።

ይህን ለማድረግ የተገደደበትን ምክንያት ሚስቱ ያግሊካ ከእሱ የተሻለ ትናገረዋለች። ያለፉትን ሦስት የፀሐይ ሳምንታት ራዶይትሳ በየሀብታሙ ደቦ ሲዞር ነው ያሳለፈው። ደቦ ይወዳል፤ በተለይ ብዙ ዓይን ያለበትን። ካፒቴኑ በኤልያስ ማግስት የወረዳውን አጫጆች አወዳድረው ላሸነፈው ከኦስትሪያ የመጣ የብረት ማጭድ እንደሚሸልሙ፣ የአጫጆችንም አለቃ እንደሚሾሙ ከተሰማ ጀምሮማ ባሰበት። የአጫጆች አለቃ ደቦ ሲወጣ ፊት ይቆማል፣ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ ይቆርሳል፣ የእሱን መስክ መንደሩ ተሰብስቦ ያጭድለታል። ራዶይትሳ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ የቆመ ሰው ነው፤ ሲወለድም ከመንታ ሁለተኛው ነበር ይባላል።

«የሰው ሣር ሁሉ አለቀ» አለችው ያግሊካ ትናንት። «የእኛ እንደ ሽማግሌ ጢም ሸብቶ ቆሟል። ከኤልያስ ወዲያ ዝናብ ነው። ላሞቹን በዝናህ ልትቀልባቸው ነው?»

ስለዚህ ገና ሳይነጋ ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። ጉም ነበር፤ የገዛ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን የማያይበት ጉም። ጉሙን አምላክ ያዘዘለት መስሎት ተደሰተ። ሰው ከቅዳሴ ሳይመለስ፣ ጉሙም ሳይገለጥ መጨረስ አለበት። መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። የዱር ፖሙን ግንድ በእጁ እስኪነካ ወጣ፤ አያቱም አባቱም ይጀምሩ የነበረው ከፖሙ ሥር ነው። እሱም ጀመረ።

በሕይወቱ እንዲህ አጭዶ አያውቅም። ፍርሃት ትከሻው ላይ ተቀምጦ አጨደለት። የሁለት ሰው የቀን ሥራ ፀሐይ ጉሙን ከመብሳቷ በፊት አለቀ። ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገፈፈና ራዶይትሳ ዙሪያውን አየ። ከበታቹ የራሱ መስክ አንዲት ዘለላ ሳይጎድልበት ቆሟል። መስኩ ራስ ላይ ደግሞ የዱር ፖም አልነበረም። ጉቶ ነበር።

ጉቶውን ያውቀዋል። ባለፈው መከር ዛፉን ለቤቱ ምሰሶ ሊቆርጥ ደቦ የጠራው እሱ ነው። በዚያ ደቦ ላይ ዛፉ ባልታሰበ ወገን ወድቆ ጎሉብን ገደለው። ጎሉብ አበልጁ ነው፤ የጎሉብን ትልቅ ልጅ ክርስትና ያነሣው ራዶይትሳ ነው። በቀብሩ ላይ መንደሩ ሁሉ እየሰማ ለመበለቲቱ ለስሚልያና ቃል ገባ። «የአንቺን ሣር ሳላጭድ የእኔን ባጭድ እጄ ይቆረጥ።» ንግግሩ ሰውን አስለቀሰ። ራዶይትሳ ቃል ገብቷል ተብሎም ዘንድሮ ለስሚልያና ደቦ የጠራ ሰው አልተገኘም። እሱ ግን ቃሉን ለሳምንት፣ ከዚያ ለሳምንት እያለ አቆየው። የስሚልያና መስክ ለብቻው ጥግ ላይ ነው፤ ዓይን የለበትም።

አሁን በኤልያስ ቀን፣ ለራሱ ሊሰርቅ ወጥቶ፣ በእሷ መስክ ራስ ላይ በቀረው ብቸኛ ፖም ተሳስቶ ያጨደው የእሷን ነበር።

አዋጅ ነጋሪው ፕሮካ ከበሮውን ሆዱ ላይ አንጠልጥሎ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ፕሮካ የመንደሩ መሰንቆ መቺም ነው፤ ሲከፈለው ያወድሳል፣ ሳይከፈለው ያማል።

«ራዶይትሳ? ክዳኑን የወሰድከው አንተ ነህ እንዴ?»

«የምን ክዳን?»

«የጋኑ ነዋ። ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ወለደች ላም መንገድ ላይ ተዘርግተህ የሚያልብህ?» የፕሮካ ዓይን ማጭዱ ላይ ዐረፈ። ምላጩ እርጥብ ነው፤ ትኩስ ሣር ተለጥፎበታል። ፊቱ ተለወጠ። «ሰውዬ፣ ዛሬ እኮ ኤልያስ ነው።»

ፕሮካ ወደ ተራራው ቀና አለ። ጉሙ ጠርቶ የየቤቱ መስክ እንደ ተጣፈ ብርድ ልብስ ይታያል። የታጨደ፣ የታጨደ፣ ትናንት ቆሞ የነበረው የስሚልያና መስክ ዛሬ ትኩስ ታጭዶ በረድፍ ተኝቷል። ከጎኑ የራዶይትሳ መስክ ጎፈሬውን አንጨባርሮ እንደ ቆመ ነው።

ፕሮካ ከበሮውን መሬት አስቀመጠ። ቀይ የቱርክ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ራዶይትሳን ከነላቡ አቀፈው።

«እኔ ውሻ ነኝ» አለ ትከሻው ላይ። «ቃሉን በልቷል ብዬ በመጠጥ ቤቱ ዘፍኜብህ ነበር። ቤት የሚመታ ግጥም ነበር፤ እመልሰዋለሁ።»

«ፕሮካ፣ ስማኝ፣ እኔ…»

«ዝም በል። ሳትናገር ነው ያማረብህ።»

እንዲህ ሆኖ ራዶይትሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በከበሮ ታጅቦ ገባ። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ በሊንደኑ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ተራራው ቀስሯል። በጎች በዘንግ ተሰክተው እሳት ላይ ይዞራሉ። ካፒቴን ኦብራድ በብር የተለበጡ ሁለት ሽጉጦች ወገባቸው ላይ ሽጠው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ቄስ አቭራም ቆመዋል። ከኋላ አያ ቪዶየ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የአጫጆች አለቃ የነበሩት ሽማግሌ፣ በትራቸው ላይ ተደግፈዋል።

«ይህ ነው ሰውየው?» አሉ ካፒቴኑ። «ብቻህን ነው ያጨድከው?»

«ብቻዬን ነው ጌታዬ። ግን…»

«የስንት ሰው ሥራ ነው አያ ቪዶየ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው ተራራውን አዩ። «የሁለት ጎበዝ የቀን ሥራ ነው ጌታዬ። ረድፉ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ያውም በጉም ውስጥ።»

ሰዉ በአድናቆት አጉረመረመ። ራዶይትሳ ጆሮው ሲግል ተሰማው። ዕድሜ ልኩን ይህን ማጉረምረም ሲመኝ ኖሯል፤ አሁን ሲመጣ እንደ ሌላ ሰው ጫማ ጠበበው።

«አባቴ» አለ ወደ ቄሱ ዞሮ፤ «አንድ ቃል ልናገር። ሣሩ… ነገሩ እንደምታስቡት አይደለም።»

ቄስ አቭራም መስቀላቸውን አፉ ላይ ለጠፉበት። «ትሕትና» አሉ ለሕዝቡ። «አያችሁ? ቀኝ እጅ የሠራውን ግራው እንዳያውቅ ብሎ በጨለማ ወጣ። ካቻምና በዚህ ቀን ለሆዱ ያጨደውን ሰው ድርቆሽ በእጄ ባርኬ አቃጥያለሁ። ይህኛውን ግን ዛሬ ወጥቼ ጠበል እረጨዋለሁ።» ባለ ወፍጮው ከሕዝቡ መሀል ጎንበስ ብሎ ጫማውን መረመረ።

ያግሊካ ሕዝቡን በክርኗ እየሰነጠቀች መጥታ ባሏን አጠገቡ ቆማ ቆነጠጠችው፤ ፊቷ ግን ለካፒቴኑ ፈገግ ብሏል።

«የኛስ?» አለች በጥርሷ መሀል።

«ቆሟል።»

«አየሁት። ዓይን አለኝ። ጅል ነህ ወይስ ጻድቅ?»

«ጅል።»

«ተመስገን። ጻድቅ ብትሆን ከአንተ ጋር መኖር አልችልም ነበር።» ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ማጭዱን ግን ተቀበል። ተሸላሚ ሆነህ መስክህን መንደሩ ያጭድልሃል። ነቢዩ በጠማማ መንገድ ቀጥ አድርጎልናል። አፍህን ብቻ ያዝ።»

የበጉን ምርጥ ብልት አመጡለት። ጎረሰ። ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ ዋጠው።

ስሚልያናን ያገኛት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። በጎሉብ መቃብር ላይ ሻማ ተክላ ነፋሱን በመቀነቷ ትከልላለች። ሰው ሲስማትና «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት ቆይታ ሸሽታ መምጣቷ ነው። ራዶይትሳ ከመቃብሩ ማዶ ቆመ። ከእሷ ፊት ይልቅ የእንጨቱን መስቀል ማየት ቀለለው፤ ጥቂት ቆይቶ ያም ከበደው።

«አበልጄ» አለ፤ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«ማጭድህን በጆንያ ጠቅልለህ በደጄ ስታልፍ ላም ላልብ ተነሥቼ ነበር» አለች ሳትዞር። «ለመበለት የሚያጭድ ሰው ማጭዱን በጆንያ አይጠቀልልም።»

ራዶይትሳ ወገቡ ላይ ያለውን ባዶ ቀንድ ነካካ።

«ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ወደ ተራራው አየሁ። የፖሙን ነገር ረስተኸው ነው አይደል?»

«ረስቼው ነው።»

«እኔ አልረሳሁትም።» ሻማው ጠፋ፤ መልሳ ለኮሰችው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሰው መስክ የማጭድህን ድምፅ ስሰማ ነበር። ከእኔ በር ላይ ሆኖ ይሰማል። ልጅህ፣ ያንተ የክርስትና ልጅ፣ ‹ነገ የኛ ነው› ይለኝ ነበር። እኔም ‹አዎ፣ ነገ› እለዋለሁ።»

«ለቄሱ እናገራለሁ» አለ ራዶይትሳ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «አሁኑኑ፣ በሰው ፊት። ማጭዱንም አልፈልግም። ሌባ ብለው ይትፉብኝ።»

አሁን ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ተቆጥታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ክረምት የሚቆጥር ሰው ፊት ነበር።

«ንገር» አለች። «ለራሱ ብሎ ነው ያጨደው ይሉና ከምሳ በኋላ ችቦ ይዘው ይወጣሉ። አንተ ተናዝዘህ ይቀልልሃል። ሁለት ላምና አንዲት ጊደር ግን ኑዛዜህን አይበሉም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ያደረግከው ይበቃል። ሂድና ማጭድህን ተቀበል፣ ሲያጨበጭቡልህ ቁም። አፍህን ዝጋ። የእኔ ድርቆሽ እንዳይነድ አንተ ንደድ።»

ይህን ብላ ወደ ሻማው ተመለሰች። ራዶይትሳ የሚመርቀውም የሚረግመውም ሰው አጥቶ ትንሽ ቆመ። እንድትሰድበው ፈልጎ ነበር። ስድብ ቢሆን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፤ እሷ የሰጠችው ሥራ ነው።

ግቢው ውስጥ ሰዉ ክብ ሠርቶ ጠበቀው። ካፒቴኑ ከወንበራቸው ተነሡ። የነገው ውድድር ቀርቷል አሉ፤ በዓይን የታየ ነገር ምስክር አያስፈልገውም። ጠባቂያቸው ማጭዱን ከቅባት ጨርቁ ፈታው። ሰማያዊ ብረት ነው፤ ጀርባው ላይ የአንጥረኛው ማኅተም አለበት፤ በጣት ቢመቱት እንደ ደወል ያቃጭላል። ራዶይትሳ ይህን ድምፅ በሕልሙ ሰምቶት ያውቃል።

አያ ቪዶየ በዝግታ መጡ። የአለቃነቱን የስንዴ ጉንጉን ከባርኔጣቸው ላይ ፈቱና በራዶይትሳ ባርኔጣ ላይ አሰሩለት። ቋጠሮው አልይዝ ብሏቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

«ልጄ» አሉት ዝቅ ብለው፤ «ሃያ ሁለት ዓመት አጨድኩ። አንድም ቀን ግን ሰው በማያየኝ ቦታ እንዲህ አላጨድኩም። አንተ በለጥከኝ።»

«አያ፣ እባክዎ፣ ይህን አይበሉኝ።»

«እላለሁ። እውነት ነው።»

ራዶይትሳ ሽማግሌውን ቢመታቸው ወይም እግራቸው ላይ ቢወድቅ ይሻለው ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። ላቡ በጉንጉኑ ሥር ወረደ። ፕሮካ መሰንቆውን አንሥቶ ገና ያልበሰለ ግጥም ጀመረ፤ በግጥሙ ውስጥ ራዶይትሳ የሰባት ሰው ሥራ ሠርቷል፣ መላእክትም ሣር ሲያስሩለት ታይተዋል። ሰዉ ተቀበለው። ከሴቶቹ መሀል ስሚልያና ልጇን በእጇ ይዛ ቆማለች። አላጨበጨበችም፤ አላኮረፈችም።

«እንግዲህ» አሉ ካፒቴኑ ዝማሬው ሲበርድ፤ «ሥርዓቱ ይፈጸም። የአለቃውን መስክ መንደሩ ያጭዳል። ይህ ሰው የራሱን ትቶ የመበለት አጨደ፤ ነገ ፀሐይ ስትወጣ አርባ ማጭድ መስኩ ላይ እንዲቆም። ዝናቡ ሳይመጣ ድርቆሹ ጎተራው ይግባ። እኔም ኮቴን አውልቄ አንድ ረድፍ እይዛለሁ።»

ሰዉ በደስታ ሞቀ። ካፒቴን በሣር ላይ ሲጎነበስ ማየት በየዓመቱ አይገኝም። ያግሊካ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ፈገግ አለች፤ ለአርባ ሰው ስንት ድስት ባቄላ እንደሚበቃ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

«አይሆንም» አለ ራዶይትሳ።

በቀስታ ነው ያለው፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«ምን አልክ?»

«መስኬ ላይ ዘንድሮ ማጭድ አይገባም ጌታዬ። የመንደሩም፣ የእርስዎም፣ የእኔም አይገባም።»

«ፀሐይ መታችው» አለች ያግሊካ ፈጥና። «ቁርስ አልበላም ጌታዬ። ጎምጅቶ ነው፣ አይ፣ ደንግጦ ነው። ራዶይትሳ፣ ውኃ ጠጣ።»

«ሣሩ እኮ እንደ ቆመ ሊበሰብስ ነው» አሉ አያ ቪዶየ። ለእሳቸው ያልታጨደ ሣር ከልቅሶ ይከፋል።

«ይበስብስ አያ።»

«ላሞችህስ?» አለ ፕሮካ፤ ቀስቱ በአየር ላይ ቀርቷል።

«የመስቀል በዓል ሲደርስ እሸጣቸዋለሁ። አንዷን ለክርስትና ልጄ እሰጣለሁ።»

ያግሊካ የቆጠረችባቸውን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈች። ምንም አልተናገረችም፤ ቤት ስትደርስ የምትናገረው ግን ከአሁኑ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ካፒቴን ኦብራድ ሁለት እርምጃ ቀረቡና ራዶይትሳን ከባርኔጣው እስከ ጥሬ ቆዳ ጫማው አዩት። ሰው ሲቀጣ እንጂ ሲሾም እንዲህ ራሱን የሚደፋ አይተው አያውቁም ይሆናል፤ ወይም አይተው ይሆናል፣ ብዙ ዘመን ገዝተዋል። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስእለት ነው?»

«አይደለም።»

«ንቀኸን ነው?»

«አይደለም ጌታዬ።»

«ቅር ያለህ ነገር ካለ ተናገር። የመንደሩን እጅ የመለሰ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ቄሱም እዚህ አሉ፣ ሽማግሌውም አሉ፣ መበለቲቱም እዚሁ አለች። ለምን እንደሆነ ንገረን።»

ራዶይትሳ ወደ ስሚልያና አላየም፤ ‹አንተ ንደድ› ያለችው ግን ጆሮው ላይ ነበር። ሰማያዊውን ማጭድ ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«አልናገርም» አለ።